በመጥበሻ የተፈታች

ሀይሰም በግራ ጉንጩ ላይ የቀረውን የሳሙና አረፋ ሊላጭ ምላጩን እንዳነሳ፣ አማቱ ሐጃ ኢንሻራሕ በኩሽናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ጋር ሲያወሩ ሰማ። ሹብራ በሚባለው የካይሮ ሰፈር ያለው ሕንፃቸው መሃሉ ከላይ እስከ ታች እንደ ጉድጓድ ክፍት ነው፤ የየቤቱ ኩሽናም መታጠቢያ ቤትም ወደዚያው ይተነፍሳል። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የተንሾካሾኩት ነገር ስድስት ፎቅ ያዳርሳል። አማቱ ደግሞ መንሾካሾክ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። «ኧረ ተይኝ ኡም ሀኒ!» አሉ። «የኔ ልጅ ስንቴ እንደተፈታች ታውቂያለሽ? በመጥበሻ ተፈትታለች። በፍሪጅ ተፈትታለች። በአንዲት የጭማቂ መፍጫማ ሁለት ጊዜ ነው የፈታት፤ ገዢዋ ቀለሙን ጠልታ መልሳው እንደገና ሲሸጠው። ባሏ የሞተባት ሴት እንኳ የአራት ወር ሐዘን አላት፤ የኔዋ በቀን ሦስቴ እየተፈታች ማታ እራት ታቀርብለት ነበር!» ኡም ሀኒ ከላይ ሳቀች፤ ከሦስተኛ ፎቅም ማንነቱ ያልታወቀ ሌላ ሰው ሳቀ።

ሀይሰም ምላጩን እንደያዘ ቀረ። የአማቱ ምላስ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አሥር ዓመት ኖሮበታል። የከነከነው ሌላ ነው። ሚስቱ ኢናስ እዚያው ኩሽና ውስጥ እናቷ አጠገብ ነበረች፤ ፉሉን የምታማስልበት ማንኪያ ድስቱን ሲነካ ይሰማዋል። «በመጥበሻ ተፈትታለች» ሲባል ማንኪያው ቆመ። «ተይ እማዬ» የምትል መስሎት ጠበቀ። አላለችም። ማንኪያው ትንሽ ቆይቶ ማማሰሉን ቀጠለ።

ነገሩ ሐሰት ቢሆን ኖሮ በቁጣ ወጥቶ ያፋጥጣቸው ነበር። ግን እውነት ነው። ሀይሰም አታባ አካባቢ ባለው በሐጅ ሸሓታ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት የሙሽራ ዕቃ ሸጧል፤ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ የሻይ ስኒ ከነማቅረቢያው። የሙሽራ እናቶችን ልብ የሚያውቅ ሻጭ ተብሎ የተመሰገነ ነበር። ከሩቅ አገር በሚኒባስ መጥተው፣ ገንዘባቸውን በመሀረብ ቋጥረው የያዙ እናቶች ትንሹን ፍሪጅ ሲያዩ፣ «አማቷ በሩን ከፍታ ስታየው ምን ትላለች?» ይላቸዋል፤ ፊታቸው ቅጭም ሲል ትልቁን ያሳያቸዋል። ዋጋው ከብዷቸው ወደ በሩ ዞር ሲሉ ደግሞ መሐላውን ይመዛል፦ «ዋሽቼ ከሆነ ሚስቴ ፈት ትሁን፣ እኔ የገዛሁበት ነው!» የሰፈሩ ሻጭ ሁሉ በዚያው ይምላል። ለሀይሰም ያ ቃል እንደ ሜትር መለኪያው የሥራ ዕቃ ነበር፤ ማታ ሱቁ ሲዘጋ እዚያው መደርደሪያ ላይ የሚቀር ይመስለው ነበር።

ከአራት ወር በፊት ሱቁን ትቶ ወጣ። ለድርጅት መሸጥ ፈለገ፤ ለሆቴል፣ ለሐኪም ቤት፣ ለፋብሪካ። እዚያ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚሸጠው፤ ዓርብ ዕረፍት ነው፤ ደመወዙ የተቆረጠ፣ መድኅንም ያለው ነው ሲባል ሰምቷል። ለአሥራ አራት ድርጅት ማመልከቻ ላከ። ሁለቱ ጠሩት። ሀይሰም ገና «ቤተሰብ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጀምር አንደኛው ሰውዬ አቋርጦት፣ «አንተ እኮ ገና የሱቅ ሽታ አለህ» ብሎ ሸኘው። ሌላው ጠርቶት ከነጭራሹ ረሳው። የዛሬው ሦስተኛው ነው። ለሐኪም ቤቶች ግዙፍ የልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ ድርጅት ነው። የመጨረሻውም ይሄው ነው፤ ቁጠባው አልቋል፣ አረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከበዓሉ በኋላ ሠርግ ስለሚበዛም ሐጅ ሸሓታ ሰው ይፈልጋሉ። «ቅዳሜ ትመጣለህ ወይስ ሌላ ልያዝ? እስከ ዛሬ ማታ ቁርጡን ንገረኝ» ብለውታል።

ፉሉ ቀረበ። አማቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ዳቦውን ቆርሰው ሰጡት፤ «ብላ ልጄ፣ በባዶ ሆድ ሥራ አይለመንም» አሉት። ኢናስ ሸሚዙን ማታ ለሰፈሩ ልብስ ተኳሽ ሰጥታ አስተኩሳዋለች። ዋጋው አሥር ፓውንድ የነበረው አሥራ አምስት ገብቷል። ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ዓይኑን ግን አላየችውም። ስለ ጉድጓዱ ወሬ አልተነሳም፤ በዚያ ቤት ብዙ ነገር እንዲያ ሳይነሳ ይታለፋል። በሩ ጋ ሲደርስ ብቻ፣ «ሀይሰም» አለችው።

«አቤት?»

«ዛሬ ስሜን አታንሳ።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱም «እሺ» አለ። ደረጃውን ሲወርድ ጆሮው ድረስ ነደደው። ስንት ዓመት አስባው ይሆን ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር? በምድር ውስጥ ባቡር ቆሞ፣ ከፊቱ የተቀመጠችው ሴትዮ ጭን ላይ ያለውን የሽንኩርት ከረጢት እያየ አንድ ቀን ትዝ አለው። ከብዙ ዓመት በፊት ኢናስ ምሳ ልታደርስለት ሱቅ መጥታ ነበር። እሱ ገዢ ይዟል። ሳህኑን በፎጣ ጠቅልላ ከፍሪጆቹ ኋላ ቆማ ጠበቀችው። ገዢው ሲወጣ ሳህኑን አስቀምጣ ምንም ሳትል ሄደች። ያን ቀን ምን ብሎ ሸጦ እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረ፤ አቃተው። ምናልባት አልማለም ነበር። እንዲህ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ፈለገ፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሲያጽናና የኖረ ሻጭ የገዛ ሸቀጡን ያውቀዋል።

ድርጅቱ ነስር ሲቲ በሚባለው የካይሮ አዲስ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሊፍቱ መስታወት ያለው፣ ኮሪደሩ የማቀዝቀዣ ማሽን የሚያንሾካሽክበት። ኢንጂነር ነርሚን የሽያጭ ኃላፊዋ ናት፤ አርባዎቹን የጀመረች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት። አጠገቧ ኡስታዝ፣ ማለትም አቶ፣ ወጊህ የሚባሉ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ተቀምጠዋል። ሻይ መጣ። ሀይሰም ስለ ራሱ ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ እጁንም ከጠረጴዛው በታች አድርጎ ያዘው፣ ሲናገር እንዳይወራጭ። ኢንጂነር ነርሚን ደስ ያላት መሰለች። «ጥሩ» አለች። «አሁን ኡስታዝ ወጊህ የሐኪም ቤት የግዢ ኃላፊ ይሁኑ። እርስዎ ባለ ሃምሳ ኪሎውን ማጠቢያ ይሽጡላቸው። ዋጋው ዘጠኝ መቶ ሺህ ነው።»

ሀይሰም ወንበሩን አስጠጋ። ስለ ሞተሩ፣ ስለ በርሜሉ ብረት፣ ስለ ዋስትናው ማታ ያጠናውን ሁሉ ተናገረ፤ ዋጋውንም አለ። ኡስታዝ ወጊህ ዝም አሉ። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ በዝግታ አገላበጡ። በሱቅ ውስጥ ዝምታ ማለት ገዢው እግሩ ወደ በሩ ዞሯል ማለት ነው፤ ሻጭ ሰከንድ ካባከነ ገዢው ጎረቤት ሱቅ ገብቷል። ሀይሰም ወንበሩን የበለጠ አስጠጋ። «ለእርስዎ ሲባል ስምንት መቶ ሰማንያ» አለ። እስክሪብቶው ተገላበጠ። «ስምንት መቶ ስድሳ፣ ሐጅ፤ ዛሬ ገበያ አልከፈትኩም፣ በእርስዎ ልክፈት።» ይህ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማውና ደነገጠ፤ ነስር ሲቲ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ መስታወት መሃል፣ ገበያ የሚከፈተው የት ነው? ኡስታዝ ወጊህ ያን ጊዜ በረጋ ድምፅ፣ «ሌሎች በስምንት መቶ ሃምሳ ሰጥተውኛል» አሉ።

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ሀይሰም እጁን ከጠረጴዛው ሥር መዝዞ ደረቱን መታ፦ «ዋሽቼ ከሆነ ሚስቴ ፈት ትሁን! ስምንት መቶ ሃምሳ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ አንዲት ፓውንድ አይወርድም!»

ኡስታዝ ወጊህ ከወንበራቸው ትንሽ ብድግ አሉ። ምናልባት እግራቸው ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ሀይሰም ግን የሚሄድ ገዢ ነው ያየው። «ስምንት መቶ አርባ! ይቀመጡ በአላህ፣ ስምንት መቶ አርባ ይሁን!»

ከዚያ በኋላ የመጣውን ዝምታ የሚሞላ ዋጋ አልነበረም። ኡስታዝ ወጊህ መነጽራቸውን አውልቀው «አስተግፊሩላህ» አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው። ሚስትህን ምን አስገባሃት?» አላሾፉበትም፤ ቢያሾፉበት ይሻለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ የሻይ ብርጭቆውን አየ። መሬት ተሰንጥቃ ትዋጠኝ እንዳይል አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው ያለው፣ መሬቱም ሩቅ ነው።

«ቅናሽ ማን ጠየቀዎት?» አለች ኢንጂነር ነርሚን።

«ማንም።»

«በቀን ስንት ኪሎ አንሶላ እንደሚያጥቡስ ጠየቋቸው?»

«አልጠየቅኩም።»

«እኛ ዘንድ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ መልሱ እስኪመጣ ዝም ይባላል። ሰውዬው ዝም ያለው ሊሄድ አይደለም፣ እያሰበ ነው።» ወረቀቶቹን ሰበሰበች። «በሱቅ የሸጡለት ሰው ምናልባት ዳግመኛ አያገኝዎትም። ሐኪም ቤት ግን ማሽኑን ገዝቶ አሥራ ሁለት ዓመት አብሮዎት ይኖራል፤ ቃልዎን እያስታወሰ። እንደውልልዎታለን ብዬ ልሸኝዎት እችል ነበር...» ሀይሰም ቀና አለ። «እንደውልልዎታለን» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሱቅ ውስጥ «ዞረን እንመጣለን» የሚሉት ገዢዎች ወንድም ነው። «...ግን አንደውልልዎትም። ዛሬ እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

አመስግኖ ተነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ፣ «የባለቤትዎ ስም ማን ነው?» አለችው። አፉ ቀድሞት «ኢናስ» አለ። «ኢናስን ሰላም ይበሉልኝ» አለች፤ ከልቧ ነበር፣ ይኸው ከልቧ መሆኑ ነው ሊፍቱ ውስጥ መስታወቱን እንዳያይ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረው። አታንሳ የተባለውን ስም አነሳ፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ አንዴ «ሚስቴ» ብሎ ሊሸጥበት፣ አንዴ ደግሞ ተጠይቆ።

ወደ ቤት ቀጥ ብሎ ለመሄድ እግሩ እምቢ አለው። ሹብራ ሲደርስ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አልቆ ሰው ሲወጣ ነበርና መስጊድ ገባ። ኢማሙ ከእሱ የሚያንሱ ወጣት ናቸው። ነገሩን በጆሯቸው ነገራቸው።

«መፍታት ነይተህ፣ ከልብህ አስበህ ነበር?»

«አይ ሸይኽ። መሸጥ ነበር የነየትኩት።»

«ምኑን?»

«ልብስ ማጠቢያ።»

«ታዲያ ተሸጠ?»

«ማጠቢያው የለም፣ ሸይኽ። ፈተና ነበር።»

ኢማሙ ሳቃቸውን ጢማቸው ውስጥ ደበቁት። «ሚስትህ ሚስትህ ናት። ለመሐላው ግን አሥር ድሀ አብላ» አሉት። ከዚያ ሊነሳ ሲል እጁን ይዘው፣ «ከዚህ በፊትስ?» አሉ። ሀይሰም «ከዚህ በፊትማ...» ብሎ ጫማውን ፈለገ። ለእያንዳንዱ መጥበሻ አሥር ድሀ ቢባል ካይሮ ውስጥ የተራበ ሰው አይቀርም ነበር።

ኩሸሪ ቤት ገብቶ አሥር ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን አዘዘ፤ አንዱ ሠላሳ አምስት ፓውንድ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ከነበረው የተረፈው የነገ መሳፈሪያ ብቻ ሆነ። ሰውዬው ሩዙንና ምስሩን እየደረበ፣ የተጠበሰውን ሽንኩርት እየነሰነሰ ሲሞላ፣ ስልኩ ጮኸ። ሐጅ ሸሓታ ናቸው።

«እህሳ አንተ ልጅ፣ ቅዳሜ ትመጣለህ?»

ሀይሰም ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ዋጋ ለማስጨመር ብሎ አልነበረም፤ አፍሮ ነው። ከወዲያ ማዶ ሐጅ ሸሓታ ትንሽ ጠበቁና፣ «እሺ፣ ሁለት ሺህ እጨምርልሃለሁ» አሉ። አሁንም ዝም አለ። «ሚስቴ ፈት ትሁን ከሦስት ሺህ በላይ አልጨምርም!» ሀይሰም ስልኩን ከጆሮው አራቀና አየው። ሐጃ ዚነብ፣ የሐጅ ሸሓታ ሚስት፣ ሰባ ዓመት የሆናቸው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት፣ ይህኔ ቤታቸው ቁጭ ብለው ቀይ ሥር ይልጡ ይሆናል። «ሰማህ? አለህ? በቃ ሦስት ከአምስት መቶ!» አሉ ሐጅ ሸሓታ፤ እነሆ እሳቸውም ፈቱ።

«እመጣለሁ፣ ሐጅ» አለ ሀይሰም። «ግን አልምልም።»

«ምን? አትምልም?»

«በሚስቴ አልምልም።»

ሐጅ ሸሓታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ታዲያ በምን ልትሸጥ ነው?»

«ዋጋውን እነግራቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም እላለሁ።»

«አንተ፣ እነዚያ ነስር ሲቲዎች ምን አጠጡህ? እስከ አረፋ ሞክራት፤ ካልሸጥክ ግን ቤትህ ሄደህ ዝም ትላለህ» ብለው ዘጉት። ሀይሰም አልሳቀም። አራት ወር ዞሮ ወደ ወጣበት ሱቅ ሊመለስ ነው፤ የሰፈሩ ሻጮች ቅዳሜ ጠዋት ምን ብለው እንደሚቀበሉት ከአሁኑ ይሰማዋል።

አሥሩን ኩሸሪ በሁለት ከረጢት ይዞ ሲገባ የምሽቱ የማግሪብ አዛን ተብሎ ነበር። አማቱ ሶፋው ላይ ሆነው ተከታታይ ፊልም ያያሉ። ከረጢቶቹን ሲያዩ ድምፁን ቀነሱ። «ቀጠሩት! ኢናስ፣ ነይ፣ ቀጥረውታል፣ ምግብ ይዞ መጥቷል!» ኢናስ እጇን እያደረቀች ከኩሽና ወጣች። ከረጢቱን አየች፤ ፊቱን አየች። በፊቱ ላይ ያለውን ለማንበብ አሥር ዓመት አብራው ኖራለች፣ ጊዜ አልፈጀባትም።

መዋሸት ይችል ነበር። «ስለት ነው» ቢል ማን ይጠይቀዋል? ግን ኢንጂነር ነርሚን ያለችው ትዝ አለው፤ አንድ ጥያቄ ተጠይቆ መልሱ እስኪመጣ ዝም ይባላል። «ኢናስ» አለ። «ያን ቀን ሱቅ ምሳ አምጥተሽልኝ... ከፍሪጆቹ ኋላ ሆነሽ ምን ሰማሽ?»

ኢናስ እጇን ማድረቋን ቀጠለች። እሱም አልጨመረም፤ ምላሱን በጥርሱ ያዘው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ታለቅሳለች። ሐጃ ኢንሻራሕ እንኳ፣ ተዓምር ነው፣ ዝም አሉ።

«መላጫ ነበር» አለች ኢናስ በመጨረሻ። «የአትክልት መላጫ፣ ስድሳ ፓውንድ። የመጀመሪያ ልጃችንን ያረገዝኩ ሰሞን ነበር፤ ያጣነውን። ቤት እስክደርስ ‹በስድሳ ፓውንድ› እያልኩ ነው የሄድኩት። ምነው በፍሪጅ ቢሆን እላለሁ። ዕቃው ትልቅ ቢሆን።» ድምፅዋ አልተሰበረም። «ዛሬስ?»

«ዛሬም» አለ ሀይሰም። «የሌለ ማጠቢያ ልሸጥ። አልቀጠሩኝም። ስምሽንም ነገርኳቸው። ይሄ ኩሸሪ የመሐላው ነው፣ ለአሥር ድሀ። ሁለተኛ እንዲህ ብል ሚስ...»

ቃሉ ግማሽ ከአፉ ወጥቶ ነበር። አማቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሀይሰም ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ፤ እፍረቱ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አነደደው፣ በዚያ መዳፍ ውስጥ ሊቀር በወደደ። ኢናስ ግን አልጮኸችም። ሻሿን ከወንበሩ ላይ አንስታ አሰረች፤ አንዱን ከረጢት አነሳች።

«ሌላውን ያዝ» አለችው። «ለምን እንደምትሰጥ ይጠይቁሃል። ራስህ ትነግራቸዋለህ። እኔ አጠገብህ ነው የምቆመው።»

ደረጃው ሥር ወዳለችው ወደ ዘበኛው ክፍል ወረዱ። ዘበኛው ዓም ኸለፍ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሱ፤ ኩሸሪውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «አላህ ይስጥልኝ ኡስታዝ ሀይሰም! ሥራ አገኙ ማለት ነው?» አሉ። ድምፃቸው በሕንፃው ጉድጓድ ሽቅብ ወጣ፤ ከላይ አንድ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። ሀይሰም ወደ ኢናስ ዞረ። ኢናስ ከረጢቷን እንዳቀፈች ቆማለች፤ አትናገርለትም፣ አትሄድምም።

«አላገኘሁም፣ ዓም ኸለፍ» አለ። «በሚስቴ ፍቺ ምዬ ውሸት ሆነ። ይሄ የሱ ካሳ ነው።»

ዓም ኸለፍ ጎድጓዳውን አዩ፣ ከዚያም ኢናስን አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ። ከላይ ማንም አልሳቀም።

«ዘጠኝ ቀረ» አለች ኢናስ፤ ጣሪያው ላይ ወዳሉት የድሆች ክፍሎች በሚወስደው ደረጃ፣ በኡም ሀኒ በር በኩል፣ ቀድማው መውጣት ጀመረች።